የቀዳውስ ማን ነው?

  

ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ እኔና ጓደኛዬ የተከራየናት አንዲት ትንሽ መጋዘን አለች፡፡ ቀን ቀን የጭነት መኪና ስለሚያጓራ ምንም አይቀዳባትም፡፡ ማታ ግን "ቀንሱልን" የሚል ጎረቤት የለም፤ ኪራዩም ርካሽ ነው፡፡ መጀመሪያ ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ለበጥኳት፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ሲያደርግ ስላየሁ ነው፡፡ ጓደኛዬ መጥቶ ሳቀብኝ፡፡ "ይኼ እኮ ለእንቁላል ነው" አለኝ፡፡ እውነቱን ነው፤ የውጭ ድምፅ የሚያቆመው ክብደት ያለው ግንብ ነው፣ የክፍሉን ማስተጋባት የሚውጠው ደግሞ ወፍራም ጨርቅ ነው፡፡ ካርቶኑን ገንጥለን ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልን፡፡ የወታደር ብርድ ልብስ በመጨረሻ ለቁም ነገር ዋለ፡፡

እሱ የድምፅ መሐንዲስ ነው፡፡ እኔ በሙያ ትምህርት ቤት የተማርኩት ኤሌክትሪክ ቢሆንም እዚያች ክፍል ውስጥ ስገባ "ፕሮዲውሰር" ነኝ፡፡ በእኛ ዘንድ ፕሮዲውሰር ሲባል ብር የሚያወጣው ሰው ብቻ ይመስለናል፡፡ ብሩንስ እኔም የለኝም፡፡ ሥራው ማን ይዝፈን፣ የትኛው ዘፈን ይቅር፣ የትኛው ቅጂ ይመረጥ ብሎ መወሰን ነው፡፡ መሐንዲሱ ደግሞ ማይኩን የት እንደሚያቆም፣ የቱን ድምፅ ከፊት የቱን ከኋላ እንደሚያደርግ ያውቃል፡፡ አንደኛው ሰውን ይሰማል፣ ሌላኛው ድምፅን ይሰማል፡፡ አሁን ወጣቶቻችን ሁሉንም በአንድ ላፕቶፕ ብቻቸውን ይሠራሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ ገንዘብ የለም፡፡ ግን "ይኼ አልሆነም፣ ድገመው" የሚል ሁለተኛ ጆሮ ሲጠፋ ሥራው ላይ ያስታውቃል ባይ ነኝ፡፡

አምሃ እሸቴን ታስታውሳላችሁ፡፡ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1969 ሸክላ ማሳተም ለአንድ ተቋም ብቻ በተፈቀደበት ዘመን ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፡፡ ዓለማየሁ እሸቴን፣ ሙላቱ አስታጥቄን በሸክላ አሰማን፡፡ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፣ በ2021 አረፈ፡፡ የእሱን ስም እናውቃለን፣ የዘፋኞቹን እናውቃለን፣ ጠለቅ ያልን ደግሞ የአቀናባሪዎቹን እናውቃለን፡፡ ከማይኩ ወዲያ ቁጭ ብሎ የቀዳውንስ ስንቶቻችን ጠይቀናል? እኔ አልጠየቅኩም ነበር፡፡

ፈረንጆቹ ይሻላሉ፡፡ በ1966 ቢትልሶች "ሪቮልቨር" የተባለውን አልበም ሲቀዱ ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ማርቲን ነበር፤ መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ ደግሞ ገና የ20 ዓመት ልጅ፡፡ ልጁ ትልቁ ከበሮ ውስጥ የሱፍ ሹራብ ጎስጉሶ ማይኩን የስቱዲዮው ደንብ ከሚፈቅደው በላይ አስጠጋው፡፡ የከበሮው ድምፅ ተለወጠ፡፡ ማርቲን ባያምነው ኖሮ ማይኩ ወደ ቦታው ይመለስ ነበር፡፡

ከእኛዋ ከእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ሥራ ደግሞ እዩት፡፡ በ2001 በስሟ የወጣውን አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ነው፤ ከላስዌል ጋር ለብዙ ዓመታት መሐንዲስ ሆኖ የሠራው ሮበርት ሙሶ ነው፡፡ በ2003 ላስዌል ያንኑ ቅጂ እንደገና ሚክስ አድርጎ ሌላ አልበም አወጣው፡፡ ድምፅዋ ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በማስተጋባቱ ውስጥ ይሟሟል፡፡ ያው ጂጂ ናት፣ ግን ሌላ ዘፈን ነው፡፡ ሁለቱን አከታትሎ ያዳመጠ ሰው መሐንዲስ ቁልፍ ከመንካት ሌላ ምን ይሠራል ብሎ አይጠይቅም፡፡

እዚሁ አገራችንም ኢዳን ራይኸል በክፋር ሳባ በወላጆቹ ቤት ምድር ቤት የጀመረው ሥራ በ2002 አልበም ሆኖ ሲወጣ በሬዲዮ አማርኛ ሰማን፡፡ ሙዚቃችንን ያወቀው በአዳሪ ትምህርት ቤት ከሚያሳድጋቸው ከእኛ ልጆች ካሴት ነው፡፡ ካብራ ካሳይን በዚያ መንገድ ዓለም ሰማት፡፡ ከበሮ መቺው ጊላድ ሽሙኤሊ በፕሮዲውሰርነት ከጎኑ ሠርቷል፡፡ "በእኛ ድምፅ ስም አወጣ" የሚሉ አሉ፤ እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ ብያለሁ፡፡ አሁን ግን ለመናገር አፌ ይያዛል፡፡

ለምን መሰላችሁ፡፡ ባለፈው ዓመት የጓደኛዬን አያት አምጥተን ቀዳን፡፡ የሱዳንን መንገድ በእግራቸው የመጡ ናቸው፤ በዚያ መንገድና በመጠለያው ከ4,000 በላይ ወገን አልቋል፡፡ እንጉርጉሯቸው ስለዚያ ነው፡፡ ነሐሴ ነበር፣ ድምፅ እንዳይገባ ማቀዝቀዣውን አጥፍተን በላብ ተጠምቀናል፡፡ ሲያንጎራጉሩ ይወዛወዛሉ፤ ከማይኩ ይርቃሉ፣ ይጠጋሉ፡፡ እኔ "እማማ አይነቃነቁ" ልላቸው ስል ጓደኛዬ በዓይኑ ገሰጸኝ፡፡ እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ የድምፁን መጠን በእጁ እየቀነሰ እየጨመረ ይከተላቸው ነበር፤ ልክ ልጅ ደረጃ ሲወጣ ከኋላ እንደሚይዙት፡፡

ኋላ ከበሮ እንጨምርበት አልኩ፣ እሱ እምቢ አለ፡፡ ትንፋሻቸውን እናጥፋው አልኩ፣ አሁንም እምቢ አለ፡፡ ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን፡፡ በመጨረሻ ያለምንም ጭማሪ ወጣ፤ የሰማው ሰው ሁሉ አለቀሰ፡፡ እኔ ግን ሳወጣው የእማማን ስም ጻፍኩ፣ ከስሩ የእኔን ስም ጻፍኩ፣ በቃ፡፡ የገዛ አያቱን ድምፅ በገዛ እጁ የያዘውን ሰው ረሳሁት፡፡ ረሳሁት ነው የምለው፤ እሱ "ተወኝ" ነው የሚለው፡፡ አንድ ወር ሙሉ ስልኬን አላነሳም፡፡

ስለዚህ ማኅበር ያላችሁ፣ ለበዓል ሲዲ የምታሳትሙ፣ የሽማግሌዎችን ዜማና ጸሎት ስልካችሁ ላይ የምትቀዱ ሁሉ፣ የቀዳውን ሰው ስም ጻፉ፡፡ ለልጆቻችሁም ዘፋኝ ካልሆንክ አትበሏቸው፤ ይኼም ሙያ ነው፣ ይማሩታል፡፡

የእማማን ቅጂ አውርጄ ስሙን ከእኔ በላይ አድርጌ መልሼ አወጣሁት፡፡ ምንም አላለኝም፡፡ ሐሙስ ዕለት ግን አጭር መልእክት ላከልኝ፡- "አያቴ ሌላም አለኝ ብላለች፡፡ ማክሰኞ ማታ እንመጣለን፣ ማቀዝቀዣውን ቀድመህ አጥፋ"፡፡