ተጣርቶ መሰማት፦ ስለ እጅ መገናኛ ሬዲዮ አመራረጥ



በአገራችን ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው እንደሚያስታውሰው፥ እረኛ በማዶ ያለውን ባልንጀራውን ለመጥራት ሲፈልግ ከሸለቆው ውስጥ ሆኖ ጉሮሮውን በከንቱ አያደክምም። ወደ ጉብታው ይወጣል፤ እጁን ከአፉ ግራና ቀኝ አድርጎ ባልንጀራውን በስሙ ይጠራዋል፤ ከዚያም ዝም ብሎ ያዳምጣል። «አቤት!» የሚል ድምፅ ከማዶ ሲመጣለት ነገሩን ይጀምራል እንጂ፥ መሰማቱን ሳያረጋግጥ አይናገርም። በዚህ ወር ልንጽፍበት የመረጥነው የእጅ መገናኛ ሬዲዮ፥ ማለት ብዙዎች «ዎኪ ቶኪ» እያሉ የሚጠሩት መሣሪያ፥ ምንም እንኳ የዘመናዊ ጥበብ ውጤት ቢሆን፥ ሕጉ ከእረኛው ሕግ የተለየ አይደለም። ከፍ ካለ ቦታ መናገር፥ በስም መጥራት፥ መልስን መጠበቅ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የቱንም ያህል ውድ መሣሪያ ቢገዛ ብዙ አይጠቀምም፤ የተረዳ ግን በጥቂት ገንዘብ ለቤተ ሰቡ መልካም መጠባበቂያ ሊያዘጋጅ ይችላል።

«ስልክ በየኪሳችን ሳለ ይህ ምን ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን በእርግጥ ከደረሰ ነገር እንስጥ። እኛና ከአንባቢዎቻችንም ብዙዎቹ በምንኖርበት በዋሽንግተንና በሰሜን ቨርጂኒያ አካባቢ፥ እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ሌሊት «ዴሬቾ» የሚባል ብርቱ ዐውሎ ነፋስ አለፈ። ነፋሱ የኤሌክትሪክ መሥመሮችን ከጣለ በኋላ፥ በስልክ ማእከሎች ውስጥ ለመጠባበቂያ ከተቀመጡት ጄኔሬተሮች አንዳንዶቹ ሳይነሡ ቀሩ። የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 ባወጣው ሪፖርት እንደ ገለጠው፥ በ6 ግዛቶች ከ3.6 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የሚያገለግሉ 77 የ911 ጥሪ መቀበያዎች ጉድለት ደረሰባቸው፤ ከእነዚህም 17ቱ ፈጽሞ ሥራ አቆሙ። ከነዚህ 17 መካከል የሚበዙት በሰሜን ቨርጂኒያና በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኙ ነበሩ። እንግዲህ ስልክ ብቻውን መታመኛ እንዳይደለ ለማወቅ ይህ ይበቃል።

ሁለተኛው ምስክር ከራሳችን ቤት ነው፤ የምንናገረውም ስሕተታችንን ሌላው እንዳይደግመው ነው። ባለፈው ሐምሌ ወር ከቤተ ዘመድ ጋራ ወደ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ነበር። በዚያ ተራራ የእጅ ስልክ በብዙ ሥፍራ አይሠራም። እኛም ይህን ስለምናውቅ፥ በካርቶኑ ላይ «36 ማይል» የሚል የተጻፈበትን ጥንድ ሬዲዮ ከሁለት ቀን በፊት ገዝተን፥ አንዱን ለእኅታችን ልጅ፥ ለ12 ዓመቱ ብላቴና ሰጠነው፤ ሌላውን እኛ ያዝነው። ልጁ ከታላላቆቹ ጋራ ወደ ፊት ቀደመ። ከቀትር በኋላ ጉም ወረደ፤ የእግር መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ላይ ታላላቆቹ በአንዱ ሲሄዱ እርሱ ወደ ኋላ ቀርቶ ስለ ነበር በሌላው ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ ድምፁ በሬዲዮው መጣ። «ጋሼ፥ ብቻዬን ነኝ፤ መንገዱ ጠፍቶኛል» አለ። ወዲያው ቁልፉን ተጭነን «ባለህበት ቁም፤ እንመጣለን» አልነው። እርሱ ግን እንዳልሰማ ሁሉ «ጋሼ፥ ይሰሙኛል?» እያለ ደጋገመው። እርሱ ይጣራል፤ እኛ እንመልሳለን፤ እኛ እየሰማነው እርሱ አይሰማንም። በመጨረሻም ማልቀስ ጀመረ። እናቱ ሬዲዮውን ከእጃችን ወስዳ የልጅዋን ስም ስትጠራ፥ ያም ድምፅ ወደ እርሱ ሳይደርስ ሲቀር ያየነው ሐዘን ከልባችን የሚጠፋ አይደለም። ልጁ ግን በመንገዱ ዳር የተተከለ የሲሚንቶ ምሰሶ አግኝቶ፥ ማንም የሚሰማው ባይመስለውም፥ በምሰሶው የብረት መታጠቂያ ላይ የተቀረጸውን የመንገድ ስም ጮኾ በሬዲዮው አነበበ። እኛም ስሙን በካርታው ላይ ፈልገን፥ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ከምሰሶው ሥር ተቀምጦ አገኘነው።

ማታ ሁለቱን ሬዲዮዎች ጎን ለጎን አድርገን ስንመረምር ምክንያቱ ተገለጠ። ቻናሉ በሁለቱም ላይ 5 ነበር። በልጁ ሬዲዮ መስኮት ጥግ ላይ ግን «12» የምትል ታናሽ ቍጥር ነበረች፤ በእኛው ላይ በዚያው ሥፍራ ያለው 0 ነበር። ይህችን ቍጥር ሻጮች «የምሥጢር ኮድ» ይሏታል፤ ነገር ግን አንዳች ምሥጢር አትጠብቅም። ሥራዋ እንዲህ ነው። ኮዱ የተከፈተበት ሬዲዮ ከንግግሩ ጋራ ለጆሮ የማይሰማ ዝቅተኛ ድምፅ ይልካል፤ ያን ድምፅ ያልያዘውንም ንግግር ሁሉ ከባለቤቱ ጆሮ ይከለክላል። ስለዚህ ኮድ የሌለው የእኛ ሬዲዮ የልጁን ጥሪ ተቀበለ፤ ኮድ ያለው የእርሱ ሬዲዮ ግን የእኛን መልስ በደጅ አስቀረው። ልጁ በመንገድ ላይ ሲጫወት ቁልፎቹን ነካክቶ ኖሮአል። ጥፋቱ የመሣሪያው አልነበረም፤ የልጁም አልነበረም። ሳንሞክርና ሳናስተምር የሰጠን የእኛ ነበረ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው በእኛ ተፈጸመ።

ከዚህ በኋላ መርምረን የተረዳነውን በተራ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፥ በካርቶን ላይ የተጻፈውን ማይል አትመኑ። ያ ርቀት የሚገኘው ምናልባት አንዱ ከተራራ ጫፍ፥ ሌላው ከተገለጠ ሸለቆ ሆነው ሲነጋገሩ ነው። እነዚህ ሬዲዮዎች የሚሠሩበት የ462 እና የ467 ሜጋኸርዝ ሞገድ ከሞላ ጐደል እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ተራራ ያግደዋል፤ ዛፍና ግንብም ያደክሙታል። ሁለት ሰዎች በተስተካከለ ሜዳ ላይ ቆመው ቢነጋገሩ እንኳ፥ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ የምድር ክብነት ራሱ ይጋርዳቸዋል። በዛፍና በቤቶች መካከል ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው 1 ወይም 2 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከብረትና ከሲሚንቶ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። «ኃይሉ ቢጨመርስ?» ቢሉ፥ ምንም የሚጋርድ በሌለበት እንኳ ርቀቱን 2 እጥፍ ለማድረግ ኃይሉን 4 እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ2 ዋት ወደ 5 ዋት ለመድረስ ብዙ ከመክፈል ይልቅ፥ ጥቂት እርምጃ ወደ ጉብታው መውጣት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ሄሊን የተባለው ዐውሎ ነፋስ የምዕራብ ኖርዝ ካሮላይናን ስልክና መንገድ ባቋረጠ ጊዜ፥ የሬዲዮ አማተሮች ከፍታው 2,037 ሜትር በሆነው በሚቸል ተራራ ላይ ባለ ማስተላለፊያ አማካይነት ለተቸገሩት መልእክት ያደርሱ ነበር። ትንንሾቹን የእጅ ሬዲዮዎች ሩቅ እንዲሰሙ ያደረጋቸው የተራራው ከፍታ ነበር።

ሁለተኛ፥ የሬዲዮውን ዐይነትና ሕጉን መለየት ይገባል። በአሜሪካ ለቤተ ሰብ የሚሆኑት በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው «ኤፍ አር ኤስ» የሚባለው ነው። ፈቃድ አያስፈልገውም፤ 22 ቻናሎች አሉት፤ ከ8 እስከ 14 ያሉት ቻናሎች በግማሽ ዋት ብቻ ሲሠሩ፥ በቀሩት እስከ 2 ዋት ይፈቀዳል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ከ1 እስከ 7 ወይም ከ15 እስከ 22 ካሉት አንዱን ይምረጥ። ሁለተኛው «ጂ ኤም አር ኤስ» ነው። የእጅ ሬዲዮዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 5 ዋት ይደርሳሉ፤ አንቴናቸውም በተሻለ ሊለወጥ ይችላል፤ በተራራ ላይ ባለ ማስተላለፊያም መጠቀም ይፈቀዳል። ለዚህ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈተና ግን የለውም። ዋጋው 35 ዶላር ሲሆን ለ10 ዓመት ያገለግላል። ፈቃዱን የሚያወጣው 18 ዓመት የሞላው አንድ ሰው ሲሆን፥ የትዳር ጓደኛውን፥ ልጆቹን፥ ወላጆቹን፥ ወንድም እኅቶቹን፥ የወንድሙንና የእኅቱንም ልጆች ይሸፍናል። ቤተ ዘመዱ ለበዛ ለእንደኛ ያለው ቤት ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። እነዚህ ሁለቱ ዐይነቶች በተመሳሳይ ቻናሎች ላይ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ።

ሦስተኛው የአማተር ሬዲዮ ነው። በ30 ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ በታች የሚሸጠው የቻይናው ባኦፌንግ ዩቪ-5አር ከዚህ ወገን ነው። ዋጋው ርካሽ፥ ኃይሉም ብርቱ ስለ ሆነ ብዙዎችን ይስባል። ነገር ግን በእርሱ ለመናገር የአማተር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄዎች ሲኖሩት፥ ለማለፍ 26ቱን መመለስ ነው። ጥበቡን ለመማር ለሚወድ ወጣት መልካም ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ቁልፉ የበዛ መሣሪያ ለሕፃንና ለአረጋዊት እናት አይመችም። በእኛ አስተያየት ለአብዛኛው ቤት፥ ጥንዱ ከ30 እስከ 80 ዶላር ባለው መካከል የሚሸጥ ቁልፉ ጥቂት የሆነ ኤፍ አር ኤስ ይበቃል።

ሦስተኛ፥ ባትሪውን ተመልከቱ። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሞላ ሬዲዮ መብራት በጠፋ በሁለተኛው ቀን ዝም ሊል ይችላል። የሚመረጠው በኤሌክትሪክም የሚሞላ፥ ከሱቅ የሚገዛ የባትሪ ድንጋይም የሚቀበል ነው። ሬዲዮው ሳይሠራ በሚቀመጥበት ጊዜ ድንጋዩ ይውጣ፤ በውስጡ ከቈየ ፈሳሹ እየወጣ መሣሪያውን ይበላዋልና። ከዚህ ጋራ «አይ ፒ ኤክስ 4» የሚል ምልክት ያለበት ሬዲዮ የሚረጭ ውሃን ይችላል፤ «አይ ፒ ኤክስ 7» ያለበት ግን 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቈይ አይበላሽም። የአሜሪካን የአየር ጠባይ ማስታወቂያ፥ «ኖአ» የሚባለውን፥ የሚቀበል ከሆነም ይመረጥ፤ ማስታወቂያው ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚነገር ነውና።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የቤተ ሰቡ ስምምነት ነው። ቻናሉ አንድ ይሁን፤ ያች ታናሽ ኮድ በሁሉም ላይ 0 ትሁን። ይህም የተለያዩ ፋብሪካዎች ሬዲዮዎች እንዲግባቡ ይረዳል፤ የኮዶቹ ተራ ቍጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያልና። ከዚህ በኋላ ቁልፎቹ እንዳይነኩ መቈለፊያው ይዘጋ። የሚናገር ሰው ቁልፉን ተጭኖ አንድ ጊዜ ተንፍሶ ይጀምር፤ ያለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቈረጣል። በማኅሌት አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው አዳምጦ በተራው እንደሚቀበል ሁሉ፥ በዚህም ሬዲዮ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሊናገሩ አይችሉም። ባትሪ ለመቈጠብ በየሰዓቱ መጀመሪያ ለ5 ደቂቃ ብቻ ከፍቶ ማዳመጥ መልካም ነው። የጠፋ ልጅ ካለበት እንዳይነቃነቅ፥ መልስ ባይሰማም በዐይኑ ያየውን ሁሉ እንዲናገር አስተምሩት። የእኛን ልጅ ያተረፈው ይኸው ነው።

በነዚህ ሬዲዮዎች 911ን መጥራት እንደማይቻልም ይታወቅ። የሚያገናኙት ጎረቤትን ከጎረቤት ነው። ስለዚህ ብቻዋን የምትኖር አረጋዊት እናት በአቅራቢያችሁ ካለች፥ አንዱ ሬዲዮ በእርስዋ ዘንድ ቢቀመጥ፥ ስልክ በተቋረጠ ሌሊት «እማማ፥ ደኅና ነዎት?» ብሎ ለመጠየቅ ይቻላል።

በሌላ አገር ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን አንድ ማሳሰቢያ አለን። በአውሮፓ ለቤተ ሰብ የተፈቀደው «ፒ ኤም አር 446» የሚባለው የግማሽ ዋት ሬዲዮ ስለ ሆነ፥ የአሜሪካውን በዚያ መጠቀም አይገባም። ወደ ኢትዮጵያ ለዘመድ ስጦታ አድርጎ ለመውሰድ የሚያስብ ቢኖርም፥ በዚያ የመገናኛ ሬዲዮ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ነውና፥ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ሳይጠይቅ በሻንጣው እንዳይከት እንመክራለን።

በሉ እንግዲህ፥ ሬዲዮውን ገዝታችሁ በመሳቢያ ውስጥ አትደብቁት። በመጪው ቅዳሜ አንዱን ለልጃችሁ ሰጥታችሁ እስከ መንገዱ መጨረሻ ላኩትና ይጥራችሁ፤ እናንተም መልሱለት። መሰማቱን ብቻ አይደለም፤ መልሳችሁም እንደ ደረሰው ከራሱ አፍ ስሙ። እኛ ይህን የሁለት ደቂቃ ፈተና በቤታችን ደጅ ብናደርግ ኖሮ፥ አንዲት እናት በተራራ ላይ ያንን አንድ ሰዓት ባልቆመች ነበር።