ዕድል ወይስ ምስማር? የፓቺንኮ ጥንተ ታሪክ በፊዚክስ ዓይን

ስለ ዕድልና ስለ አማካይ በሚሰጥ ትምህርት ዘወትር የሚጠቀስ አንድ መሣሪያ አለ፤ የእንግሊዛዊው የፍራንሲስ ጋልተን ሰሌዳ ነው። ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1873 ባሠራው በዚህ ሰሌዳ ላይ ምስማሮች በእኩል ርቀት ተደርድረዋል፤ ከላይ የሚፈሱት የእርሳስ እንክብሎች በየምስማሩ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እያሉ ወርደው ከታች ደወል የሚመስል ክምር ይሠራሉ። እኔም ለዓመታት ያስተማርሁት በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ በሰሌዳው ላይ አንድ ብርቱ ቅሬታ አለኝ፤ ተማሪዎቻችን አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ነገር ሁሉ የማያዳላ ነው ብለው እንዲያምኑ ያደርጋቸዋል። ይህን ስሕተት ለማረም ከጋልተን ሰሌዳ ይልቅ የጃፓኑ ፓቺንኮ የተሻለ መምህር ነው እላለሁ።

የፓቺንኮ የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ግን ከጃፓን አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ የእኛው ከረንቡላ ዘመድ የሆነው የቢሊያርድ ጠረጴዛ ጠበብ ብሎ፣ ጉድጓዶችና እንጨቶች ተተክለውበት ባጋቴል የተባለ ጨዋታ ወጣው። ስሙ የሚያያዘው የአርቷው መስፍን እ.ኤ.አ. በ1777 ከንግሥት ማሪ አንቷኔት ጋር ተወራርዶ በሁለት ወር ገደማ ካስገነባው የባጋቴል ቤተ መንግሥት ጋር ነው። (የጨዋታው ስም ከውርርድ ታሪክ ጋር መያያዙ ያስገርማል!) ቀጥሎም በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ይኖር የነበረው ሞንታግ ሬድግሬቭ እ.ኤ.አ. በ1871 በዱላ ፈንታ በሞላ የሚወረወር፣ በትልልቅ ኳሶችም ምትክ ብይ የሚጠቀም ባጋቴል በስሙ አስመዘገበ። ጃፓን የደረሰው የዚህ ጨዋታ ዘር በ1920ዎቹ «ኮሪንት ጌም» እየተባለ የልጆች መጫወቻ ነበር።

ጃፓኖቹ ያደረጉት ለውጥ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ጠረጴዛውን አቆሙት። ለፊዚክስ ግን ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በጥቂቱ ባዘነበለ ጠረጴዛ ላይ ኳስ በዝግታ ይንከባለላል፤ በቆመ ሰሌዳ ላይ ግን የመሬት ስበት በሙሉ ኃይሉ ስለሚስበው ከምስማር ምስማር እየነጠረ ይወርዳል። «ፓቺ ፓቺ» የሚለውና ለጨዋታው ስም የሰጠው ድምፅም ከዚህ የመጣ ነው።

በጦርነቱ ዘመን ተዘግተው የነበሩት የመጫወቻ ቤቶች ከ1945 በኋላ በናጎያ ከተማ እንደገና አበቡ። ሲጋራ በራሽን በሚታደልበት በዚያ ጊዜ ሽልማቱ ሲጋራ መሆኑ ብቻውን ብዙ ሰው ይስብ ነበር። ይህንኑ ተከትሎ ታኬይቺ ማሳሙራ የተባለ የናጎያ ሰው፣ ቀድሞ በወጥነት ተደርድረው የነበሩትን ምስማሮች በታሰበበት ሁኔታ ክፍተትና ጥግግት እየሰጠ፣ በመካከላቸውም የሚሽከረከሩ ትንንሽ መዘውሮችን እየጨመረ አዲስ አሰላለፍ አወጣ። በእኔ አስተያየት ፓቺንኮ በእውነት የተወለደው ያን ጊዜ ነው፤ ኋላ የመጡት ማሽኖች አሰላለፍ መሠረቱ ይኸው ነውና።

ማሳሙራ ያደረገው ምንድን ነው? ኳሱም ምስማሩም ክብ በመሆናቸው፣ በአመታት ላይ ያለች ጥቂት ልዩነት በየግጭቱ እየጎላች ትሄዳለች። በአንድ ግጭት 4 ጊዜ ብቻ ትጎላለች ብንል እንኳ፣ ከ10 ግጭት በኋላ ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ትሆናለች፤ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ የነበረው ልዩነት በስሌት 1 ሜትር ያህላል ማለት ነው። ይህም ከሰሌዳው ስፋት ይበልጣል። በመሆኑም የአንዲትን ኳስ መድረሻ አስቀድሞ ሊናገር የሚችል የለም፤ ተጫዋቹም፣ ባለቤቱም፣ እኔም አንችልም። አማካዩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን የሚወስነው ምስማሮቹን የሚያቃናውና የሚያጣምመው ሰው ነው። ጃፓኖች ይህን ባለሙያ «ኩጊሺ» ይሉታል፤ የምስማር ጠቢብ እንደ ማለት ነው። ቤቱ ሲዘጋ በትንሽ መዶሻ የናስ ምስማሮቹን በዓይን በማይለይ መጠን ያነካካቸዋል።

በዚያው ዘመን ገደማ «ኦል 15» የተባለ ማሽን ወጥቶ ነበር፤ ኳስ በማናቸውም የሽልማት ጉድጓድ ቢገባ 15 ኳስ ይሰጣል። ስሌቱን አንባቢ ራሱ ይሞክረው። ከ15 ኳስ አንዱ ቢገባ ተጫዋችና ቤት እኩል ይወጣሉ። ምስማሩ ጥቂት ጠብቦ ከ16 አንዱ ብቻ ቢገባ፣ 100 ኳስ የወረወረ ሰው በአማካይ 94 ያህል ይመለስለታል። ነገር ግን በዚህ አማካይ ዙሪያ ያለው መዋዠቅ 36 ኳስ ያህል ስለሆነ፣ ከ10 ተጫዋቾች 4 ያህሉ አትርፈው ይሄዳሉ። ታሪካቸውን የሚያወሩትም እነሱ ናቸው። ባለቤቱ ዘንድ ደግሞ 1 ሚሊዮን ኳስ ሲወረወር ትርፉ 62,500 ኳስ ነው፤ መዋዠቁ 3,600 ገደማ ብቻ! ለተጫዋቹ ዕድል የሆነው ለባለቤቱ ደመወዝ ነው።

እርግጥ ነው፣ በጥንቱ ማሽን ኳሶቹ አንድ በአንድ በአውራ ጣት ስለሚወረወሩ፣ ኳሱ የመጀመሪያውን ምስማር የት ላይ እንደሚመታ መምረጥ የሚችል ባለ እጅ ነበር። ይህን አልክድም። ብዙ ኳስ በተከታታይ የሚተኩሰው ፈጣን ማሽን ሲመጣ ግን ሚዛኑ ተለወጠ። በደቂቃ 100 ኳስ በዚያው ከ16 አንድ በሚያስገባ ሰሌዳ ላይ ቢወረወር፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አትርፎ የሚነሣው ከ10 ሰው አንድ ያህሉ ነው። ፍጥነቱ ተጫዋቹን ወደ አማካዩ ያደርሰዋል፤ አማካዩ ደግሞ የቤቱ ነው። የጃፓን ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ1954 መጨረሻ በፈጣኑ ማሽን ላይ እገዳ ሲያወጡ ብዙ ቤቶች ተዘግተዋል።

ስለዚህ በየላቦራቶሪያችን ከጋልተን ሰሌዳ ጎን ሌላ ሰሌዳ እንዲቆም እጠይቃለሁ። የሚያስፈልገው ጣውላ፣ ምስማርና ጥቂት የኩሽኔታ ኳስ ነው። አንዱ ተማሪ በስውር አንዲት ምስማር ያጣምም፤ የቀሩት ኳስ እየወረወሩና እየቆጠሩ ይፈልጉት። ከ14 አንድ የሚያስገባውን ሰሌዳ ከ16 አንድ ከሚያስገባው በተወሰነ መተማመን ለመለየት ከ3,000 በላይ ኳስ መወርወር ይኖርባቸዋል። የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።