ካሜራው ለማን ይመሰክራል?

በባዕድ አገር በትምህርት ላይ ያለን ወጣቶች ሰላማዊ ሰልፍ ስንወጣ፥ መፈክር ከተጻፈበት ካርቶን ቀጥሎ የማንረሳው ዕቃ ካሜራ ነው። ዱሮ አንድ ሰው ብቻ በአንገቱ አንጠልጥሎ ይመጣ ነበር። ዛሬ ግን በየኪሳችን ስልክ ስላለ ሁላችንም ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነናል። ይህ መሣሪያ በእጃችን ሲገባ ምን ዓይነት ኃላፊነት ይዞብን እንደ መጣ ግን በጥሞና የተነጋገርንበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኔም ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው።

በምማርበት ከተማ የአገራችን ልጆች ባደረጉት አንድ ሰልፍ ላይ፥ ከፊት ቆማ እጅዋን ወደ ላይ የዘረጋች አንዲት ተማሪ አነሣሁ። ፎቶግራፉ በጣም ያማረ ስለ ነበር በዚያው ምሽት ለሕዝብ አወጣሁት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስልክ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፥ እባክህ አጥፋልኝ፤ እናቴ ያለችው አገር ቤት ነው» አለች። እኔም በትዕቢት «ታዲያ የወጣሽው እንድትታዪ አይደለም ወይ?» ብዬ መለስሁላት። «የወጣሁት ጉዳዩ እንዲታይ ነው እንጂ እኔ እንድታይ አይደለም» አለችኝ። በማግሥቱ ባጠፋውም ብዙ ሰው ተቀባብሎት ስለ ነበር ነገሩ ካፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያችን ልጅ ሰልፍ ላይ አላየኋትም። ያን ቀን ሰልፋችን አንድ ሰው ያጣው በእኔ እጅ ነው።

ካሜራ ለሕዝብ የዋለውን ውለታ የሚክድ የለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ማርች 21 ቀን 1960 በደቡብ አፍሪካ፥ በሻርፕቪል፥ የይለፍ ወረቀት ሕግን ለመቃወም በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ፖሊስ ተኩሶ 69 ሰዎች ገደለ። «ድረም» ለተባለው መጽሔት ይሠራ የነበረው ኢያን ቤሪ ሕዝቡ ከተኩሱ ሲሸሽ አንሥቶ ነበርና፥ ሥዕሎቹ በኋላ በፍርድ ፊት ቀርበው ለተጠቁት ሰዎች ንጽሕና መሰከሩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ፎቶግራፍም ወጊው እንዳይረሳ ያደርገዋል።

ነገር ግን ይኸው መሣሪያ ለአሳዳጅም ያገለግላል። በ1871 የፓሪስ ኮሚዩን ተዋጊዎች በየምሽጋቸው ላይ ቆመው በኩራት ፎቶግራፍ ተነሡ። ኮሚዩኑ በተደመሰሰ ጊዜ ፖሊስ እነዚያኑ ሥዕሎች እየያዘ ሰው ይለቅም ጀመር። በ1968 በአሜሪካ፥ በሜምፊስ ከተማ፥ ሥራ ያቆሙት ጥቁር የቆሻሻ ማንሻ ሠራተኞች «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ጽሑፍ ይዘው ሲሰለፉ ያነሣቸው ኧርነስት ዊዘርስ የተከበረ፥ ሕዝቡም የሚያምነው ሰው ነበር። በ2007 ሞተ። በ2010 ግን ለፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ወሬ ያቀብል እንደ ነበር ተገለጠ። እንግዲህ ጆሮ ጠቢው ራሱ ካሜራ አንግቶ ከመካከላችን ሊቆም ይችላል። ዛሬማ ጆሮ ጠቢም ላያስፈልግ ነው፤ እኛው ያወጣነውን ፊት መሣሪያ ከሚሊዮን ፊቶች ጋር በቅጽበት ያስተያየዋል።

«ፊት የሌለው ሥዕል ልብ አይነካም፤ ዓለምን ያነቃነቀው የሰው ፊት ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እውነት አላቸው። ጁን 16 ቀን 1976 በሶዌቶ፥ በጥይት የተመታውን ሕፃን ሄክተር ፒተርሰንን ወጣቱ ምቡዪሳ ማኩቦ ታቅፎ ሲሮጥ ሳም ንዚማ ያነሣው ፎቶግራፍ የአፓርታይድን ጭካኔ ለዓለም አሳየ። ሆኖም ዋጋውን ማን ከፈለ? ማኩቦ ፖሊስ ስለ ፈለገው ተሰደደ፤ ቤተ ሰቡም ዳግመኛ አላገኘውም። ንዚማም ሥራውን ትቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ለመሸሽ ተገደደ። ሥዕሉ መነሣት አልነበረበትም አልልም። ዕዳውን የሚከፍለው ሰው ግን ሊጠየቅ በሚችልበት ጊዜ ሁሉ ሳይጠየቅ መቅረት የለበትም እላለሁ።

ደግሞም ፊትን መሸፈን ሰልፍን ድምፅ አልባ አያደርገውም። በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ይማሩ የነበሩ የኢራን ተማሪዎች ሳቫክ የተባለውን የሻሁን የስለላ ድርጅት ፈርተው የወረቀት ጭምብል አጥልቀው ይሰለፉ ነበር። በኖቬምበር 1977 ሻሁ ዋሺንግተን በመጣ ጊዜ፥ ፖሊስ በሰልፉ ላይ የተኮሰውን አስለቃሽ ጢስ ነፋስ ወስዶት ሻሁና ፕሬዚዳንት ካርተር በኋይት ሃውስ ሜዳ ዓይናቸውን ሲጠራርጉ ፎቶግራፍ ተነሡ። የተማሪዎቹ ፊት ባይታወቅም የንጉሡን እንባ ዓለም አየው።

ስለዚህ ወገኖቼ፥ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ ማንሣትና ማውጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን እንወቅ። በግርግር መካከል ማንንም ለመጠየቅ ጊዜ አይኖርም፤ ከማውጣታችን በፊት ግን አንድ ሌሊት ማሰብ እንችላለን።

ሁለተኛ፥ የደንብ ልብስ ለብሶ በአደባባይ ሥልጣኑን የሚሠራበት ሰው ፈቃዱ አይጠየቅም። ዱላ ያነሣ እጅ ከነባለቤቱ ይታይ።

ሦስተኛ፥ የሰልፈኛው ፊት የሰልፈኛው ነው። እኛ ውጭ አገር ተቀምጠን የምናወጣውን ፊት አገር ቤት ያለ አባት ወይም ታናሽ ወንድም ሊጠየቅበት ይችላል። ፈቃዱ ካልተገኘ ጀርባውን፥ እጁን፥ የያዘውን ጽሑፍ፥ የሕዝቡንም ብዛት እናሳይ።

አራተኛ፥ በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ሰዓቱንና ቦታውን በውስጡ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል፥ ይህ ሳይፋቅ ለማንም አይላክ።

ሰልፍ የሚያዘጋጁ ኮሚቴዎች ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ይህን በድምፅ ማጉያ ቢናገሩ፥ ፊቱ እንዳይወጣ የሚፈልግም ሰው የሚቆምበትን ቦታ ቢለዩ፥ የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው። በዚያች አምስት ደቂቃ ምክንያት ያች ልጅ ምናልባት ተመልሳ ትመጣ ይሆናል። እኔም ካሜራዬን ይዤ እገኛለሁ፤ አስቀድሜ ግን እጠይቃለሁ።