የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ አብራሪው እና ጊታራቸው

የዚህ እትም መሪ ጽሑፍ ስለ ካናዳዊው ጠፈርተኛ ኮሎኔል ክሪስ ሃድፊልድ ነው። 25 ዓመት በአየር ኃይል ያገለገሉ፣ ተዋጊ ጄት ያበረሩ ወታደር ጊታርን ለምን አጥብቀው ያዙ? በእኛ እምነት ሙዚቃው ከሙያቸው መሸሻ ሳይሆን የሙያቸው ዘመድ ነው፤ ሁለቱም እጅ እስኪለምድ መደጋገምን፣ ለባልደረባም ጆሮ መስጠትን ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሆነው የዴቪድ ቦዊን ዘፈን የተጫወቱበትን ቪዲዮ «ለታይታ ነው» የሚሉ አሉ። ታይታ ጨርሶ የለበትም አንልም፤ ካሜራ ባለበት መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1995፣ ገና ዝና ሳያገኙ፣ ሚር ወደተባለው የሩሲያ ጣቢያ ሲጓዙ ታጣፊ ጊታር ይዘው ሄደዋል። በጠፈርተኞች ባንድ ውስጥም ተጫውተዋል። ጽሑፉን አንብቡና የማትስማሙበትን ጻፉልን።