የወጪ መጋራትና የቤተሰብ ኪስ

በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ የማስተማሪያውን ደግሞ 15 ከመቶ ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ እንዲከፍል ደነገገ። መምህር ለሚሆን ግን በገንዘብ ፈንታ አገልግሎቱን ተቀበለ። ታዲያ «ቤተሰብ ምን ይከፍላል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ የንፋስ መውጫ ገበያ ይመስክር! የጋይንትና የስማዳ ገበሬ ልጁን ወደ ባሕር ዳር ሲሸኝ ለመሳፈሪያ፣ ለደብተር፣ ለልብስና ለሳሙና በግ ይሸጣል፤ ገብስም ይጭናል። ይህ ወጪ ውሉ ላይ አልተጻፈም። የ15 ከመቶውም ስሌት በሬ ላለውና ለሌለው አንድ ሆነ።

እጩ መምህራን ሆይ! ነገ ክፍል ስንገባ ሙሉውን ሒሳብ ለወላጆች አስቀድመን እንንገር። ድጋፍ የሚመድቡም የቤተሰቡን አቅም ይጠይቁ። አለዚያ ጎበዙ ልጅ ፈተናውን አልፎ በመሳፈሪያ ይቀራል።