ቁጥር ያለበት ሁሉ እውነታ ነው?

ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪ «ባንኩ ትርፉን በ30 በመቶ በማሳደግ አመርቂ ውጤት አስመዘገበ» የሚል ዜና ሰጥተን፣ እውነታውን ከአስተያየቱ ለይ ብንለው ምን ይመልሳል? 30 በመቶው እውነታ፣ «አመርቂ» የሚለው አስተያየት። መምህሩም ሙሉ ማርክ ይሰጠዋል። ልጁ ግን ምን ተማረ? ዜናው የወጣው የዋጋ ንረቱ ራሱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት በ2014 ዓ.ም. ቢሆንስ፣ ባንኩ አደገ ወይስ ባለበት ረገጠ? ትርፉ ከታክስ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የውጭ ኦዲተር መርምሮታል ወይስ ፕሬዚዳንቱ ለጋዜጠኛ የነገሩት ነው?

በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ቅጽሉን ለአስተያየት፣ ቁጥሩን ለእውነታ አከፋፍለን እንወጣለን። በንግድ ጽሑፍ ግን አስተያየት አብዝቶ የሚደበቀው ቁጥሩ ውስጥ አይደለም እንዴ?

ኢትዮ ቴሌኮምን እንውሰድ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። እስከዚህ ያለው ሁሉ ተጣርቶ የሚረጋገጥ ነው። ተማሪው ቢያባዛ ግን ሙሉው ድርጅት 300 ቢሊዮን ብር ተገመተ ማለት ነው። ይህኛው ቁጥርስ እውነታ ነው? ገና ያልመጣ ገቢና ገና ያልታየ ፉክክር እየተገመተ የሚወጣ ዋጋ፣ የቱንም ያህል ባለሙያ ቢሠራው፣ አስተያየት አይደለምን? ሽያጩ ሲዘጋ የተገዛው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገደማ ነበር። ታዲያ ዋጋው ተወዶ ነው? ሰው እጅ ላይ ገንዘብ አጥሮ ነው? ወይስ የአክሲዮን ገበያው ገና በእግሩ ሳይቆም «ነገ ብቸገር ለማን እሸጠዋለሁ?» የሚል ስጋት ይዞት? ክፍሉ በዚህ ላይ ሁለት ቀን ቢከራከር አይበዛም። የተሸጠው መጠን አንድ ነው፤ ማብራሪያው ግን ብዙ ነው፤ የትኛው እንደሚሻል የሚለየውም ማስረጃው ነው። ይህን የመሰለ ትምህርት ደጃችን ላይ ሳለ «አንበሳ አስፈሪ ነው» በሚል ምሳሌ ላይ ምን ያቆየናል?

ጉዳዩ የፈተና ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በቴሌግራም «10,000 ብር አስገባ፣ በ3 ወር 20,000 ይሆንልሃል» የሚል መልእክት የሚደርሰው ለዚሁ ልጅ ነው። ቅጽል የለበትም፣ ቁጥር ግን ሞልቶታል። እኛ ባስተማርነው መለኪያ ይህ እውነታ ሊባል አይደለም? ገና ላልደረሰ ቀን እውነታ እንደሌለው፣ ተስፋ የሚሰጠው ሰውም ከተስፋው ምን እንደሚያገኝ መጠየቅ እንደሚገባ ማን ነገረው?

መምህሩ የሒሳብ መዝገብ ባለሙያ አይደለም የሚል አይጠፋም። «ይህን ያለው ማን ነው? ማንስ አጣራው?» ብሎ ለመጠየቅ የሒሳብ ዲግሪ ያስፈልጋል? ይልቅ ከመምህሩ በፊት የሚጠየቁት አዘጋጆች ናቸው። ድርጅት የላከው መግለጫ፣ «ግንባር ቀደም» እና «ተመራጭ» ከሚሉት ቃላቱ ጋር፣ በጋዜጠኛ ስም በዜና ገጽ ሲወጣ፣ አዘጋጁ ያልለየውን የ16 ዓመት ልጅ እንዲለይ በምን አንደበታችን እንጠይቀዋለን?