መዝገቡ ነው ወይስ መደርደሪያው?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ እሑድ ማታ የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ በሬን አንኳኳ። ልጁ በዚህ ዓመት ተመራቂ ነው። ፊቱን ሳየው ሰው የሞተበት መስሎኝ ደነገጥሁ፤ ነገሩ ግን የመመረቂያ ጽሑፉ ሦስተኛ ምዕራፍ አልከፈት ብሎት ነው። ፋይሉን ሲነካው ኮምፒዩተሩ ብዙ ይቆይና በመጨረሻ «ዳታ ኤረር፤ ሳይክሊክ ረደንደንሲ ቼክ» የሚል ቃል ያወጣል። ጓደኞቹ «ቼክ ዲስክ የሚባለውን ትእዛዝ ስጠው፤ ይስተካከላል» ብለውታል። እርሱም ሊያደርገው ሲል እጁ ፈራ። መፍራቱም በጀው፤ ለምን እንደ በጀው ዛሬ ላጫውትዎ። ይህ ቃል እርስዎም ቤት አንድ ቀን ሊመጣ ይችላልና።

በመጀመሪያ ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ እንይ። ሀርድ ዲስክ በሆዱ ውስጥ እንደ ሸክላ የሚሽከረከር ለስላሳ ሰሌዳ አለው፤ በቤት ኮምፒዩተሮች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይዞራል። ጽሑፉም፣ ፎቶግራፉም፣ ዘፈኑም ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ በማግኔት ኀይል ይጻፍበታል። አንዱ ሴክተር በአሮጌዎቹ ዲስኮች 512 ባይት፣ በአዲሶቹ 4096 ባይት ይይዛል። ሲጻፍም የማረጋገጫ ቁጥር አብሮት ይሰፍራል። ሒሳብ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፤ በገጹ ግርጌ ያለው ድምር ከላይ ካሉት ቁጥሮች ጋር ካልገጠመ አንድ ቦታ ላይ ስሕተት አለ ማለት ነው። በመልእክቱ ውስጥ ስሙ የተጠቀሰውን የማረጋገጫ ዘዴ ዌስሊ ፒተርሰን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ከባልደረባው ጋር በጽሑፍ አስታውቆታል። ዛሬ በዲስኮች ውስጥ ያለው አራሚ ከዚያ የረቀቀ ቢሆንም ዊንዶውስ ዛሬም በአሮጌው ስም ይጠራዋል።

ዲስኩ ጥቂት ስሕተት ሲያገኝ ራሱ አርሞ ለማንም ሳይናገር ያልፋል። መልእክቱ በመስኮቱ ላይ ከወጣ ግን ደጋግሞ ሞክሮ ያቃተው መሆኑን ይወቁ።

አሁን ደግሞ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መዝገብ ቤት እንግባ። በዚያ ሁለት ነገር አለ፤ አንደኛው የፋይሎቹ ስምና ቦታ የተጻፈበት ባሕረ መዝገብ ነው፤ ሁለተኛው ፋይሎቹ የተቀመጡበት መደርደሪያ ነው። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ጊዜ የሚታመመው ባሕረ መዝገቡ ነው፤ ወረቀቱ ደኅና ሆኖ የተጻፈለት ቦታ ይሳሳታል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በሥራ መካከል መብራት ሲጠፋ ወይም ፍላሹ ሳይሰናበት ተመዝዞ ሲወጣ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ መደርደሪያው ራሱ ይነቅዛል፤ በዚያ ላይ የነበረው ወረቀትም አብሮት ይበላሻል። ሁለቱ በሽታዎች በመስኮቱ ላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መድኀኒታቸው ግን የተለያየ ነው።

ቼክ ዲስክ የሚባለውን ትእዛዝ እንደ አንድ ጥብቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይቍጠሩት። የተቀጠረው ባሕረ መዝገቡን ከመደርደሪያው ጋር ለማመሳከር ነው እንጂ የእርስዎን ጽሑፍ ለማዳን አይደለም። ባለቤቱ ያልታወቀ ወረቀት ሲያገኝ «ፋውንድ» በሚባል ሣጥን ውስጥ ያለ ስሙ፣ በቁጥር ብቻ ይከተዋል። ሊነበብ ያልቻለ ቦታ ሲያገኝ ቦታውን «ብልሹ» ብሎ ይዘጋዋል። ሥራውን ሲጨርስ መዝገቡ የጠራ ይሆናል፤ የእርስዎ ፋይል ግን መካከሉ ጎድሎ ሊገኝ ይችላል። ያደረገውንም «መልስ» ቢሉት አይመልስም።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። እኔም ከዓመታት በፊት ይህንኑ ቃል ባየሁ ጊዜ አንድም ነገር ሳልገለብጥ የጥገናውን ትእዛዝ ሰጥቼ ተኛሁ። ጧት ስነሣ ኮምፒዩተሩ ቀልጥፎ ተከፈተ፤ ደስም አለኝ። ማታ የአባቴን ፎቶግራፎች የያዘውን ማኅደር ስከፍት ግን ከግማሽ የሚበልጡት ከወገባቸው በታች ግራጫ ሆነው አገኘኋቸው። ማታውኑ ብገለብጣቸው ኖሮ ስንቶቹ ይተርፉ እንደ ነበር እንጃ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለልጁ የነገርሁት እንዲህ ነው። በታመመው ዲስክ ላይ ምንም አዲስ ነገር አይጻፍ፤ ፕሮግራምም አይጫን፤ እያጠፉ ማብራትም ይቅር። ሌላ ዲስክ ወይም ሰፊ ፍላሽ ይሰካና ዳግመኛ ሊገኝ የማይችለው በቅድሚያ ይገልበጥ። የራስዎ ጽሑፍ ይቀድማል፤ ፎቶግራፍ ይከተላል፤ ዘፈንና ፊልም ጨርሶ ባይደርሳቸውም ግድ የለም። አንድ ፋይል እምቢ ሲል «ስኪፕ» ብለው ይለፉት እንጂ ከእርሱ ጋር ግብግብ አይግጠሙ፤ ሕመምተኛው ዲስክ በከንቱ ይደክማልና። እምቢ የሚሉት ከበዙ ሊኑክስ ከተጫነበት ፍላሽ ተነሥቶ ዲዲሬስክዩ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም መገልበጥ ይቻላል። ይህ ፕሮግራም ብልህ ነው፤ በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ያወጣና አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ይተዋል፤ የደረሰበትንም ቦታ በማስታወሻ ይይዛል።

ከተገለበጠ በኋላ የትኛው በሽታ እንደ ሆነ ይመረመራል። ዲስኩ «ስማርት» የሚባል የራሱ የጤና ካርድ አለው፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያነበዋል። በካርዱ ላይ ብዙ መስመር አለ፤ እርስዎ ግን አራቱን ብቻ ይፈልጉ። 5ኛው ተራ ቁጥር ነቅዘው በመለዋወጫ የተተኩትን ሴክተሮች ይቈጥራል። 197ኛው አልነበብ ብለው ፍርድ የሚጠብቁትን፣ 198ኛው ተስፋ የተቈረጠባቸውን ይናገራል። እነዚህ ሦስቱ ዜሮ ካልሆኑ መደርደሪያው ነቅዟል። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን በአስራ ስድስት ቤት ስሌት ስለሚጽፍ 10 ብሎ ቢያሳይዎ 16 ማለት መሆኑን አይርሱ። 199ኛው ለብቻው የሚታይ ነው፤ እርሱ እያደገ የሚሄድ እንደ ሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የዲስኩ ሳይሆን የኬብሉ ነው። በኬብል ምክንያት አዲስ ዲስክ የገዛ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልናገርም፤ ዛሬም አብረን ቡና እንጠጣለን።

«ጥቂት ሴክተር ቢነቅዝ ምን ይላል?» የሚሉ ይኖራሉ። የጉግል ኩባንያ መሐንዲሶች ከ100,000 በላይ የሆኑ ዲስኮችን ተከታትለው በፈረንጆች 2007 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ በፍተሻ የመጀመሪያው ስሕተት የተገኘበት ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀኖች ውስጥ የመሞቱ ዕድል ስሕተት ካልተገኘበት በ39 እጥፍ ይበልጣል። በዚያው ጥናት ከሞቱት ዲስኮች ውስጥ ከ56 በመቶ የሚበልጡት በዋና ዋናዎቹ አራት የካርዱ ምልክቶች ላይ አንዳች አላሳዩም ነበር። እንግዲህ ካርዱ «ታሟል» ካለ ይመኑት፤ «ደኅና ነው» ካለ ግን ሙሉ በሙሉ አይመኑት።

የካርዱ ቁጥሮች ዜሮ ከሆኑና ጽሑፉም ከተገለበጠ ቼክ ዲስክ ያን ጊዜ ተገቢ ነው። የትእዛዙን መስኮት በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይክፈቱና በላቲን ፊደል ሲ፣ ኤች፣ ኬ፣ ዲ፣ ኤስ፣ ኬ ብለው ጽፈው፣ ክፍት ቦታ ትተው፣ የዲስኩን ፊደልና ሁለት ነጥብ ያስከትሉ። እንዲሁ ብቻ ከተዉት አይቶ ይነግርዎታል እንጂ አንዳች አይነካም። ሰያፍ መስመርና ኤፍ ቢጨምሩበት ባሕረ መዝገቡን ያርማል፤ በኤፍ ፈንታ አር ቢጽፉ መዝገቡንም አርሞ መደርደሪያውን አንድ በአንድ ይመረምራል። ይህ በትልቅ ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ከሆነ «በሚቀጥለው አነሣሥ ላይ ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዋይ የምትባለውን ፊደል ይጫኑ። በመካከሉ መብራት እንዳይጠፋበት ይጠንቀቁ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላና ቻርጀሩም ይሰካ፤ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከሆነ ዩፒኤስ ከሌለው መብራት የማያስቸግርበትን ሰዓት ይምረጡ።

ስለ መብራት ካነሣን አይቀር፤ ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው አመዘጋገብ በፈረንጆች ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራውን ሁሉ አስቀድሞ በማስታወሻ ይይዛል። ስለዚህ መብራት ቢጠፋ ባሕረ መዝገቡ ቶሎ ይታረማል። ማስታወሻው የሚጠብቀው ግን መዝገቡን ነው፤ በዚያች ደቂቃ ይጽፉት የነበረውን ደብዳቤ አይደለም። ብዙዎቹ ፍላሾች ደግሞ ይህ ማስታወሻ እንኳ የላቸውም።

ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ከዚህ ሁሉ አንዱንም ሳይሞክሩ ያጥፉት፤ ለባለሙያም ይስጡት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት የሚባለውን ምክር አይስሙ። ክዳኑንም አይክፈቱ፤ አንባቢው ከሰሌዳው በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ብቻ ስለ ሆነ ለዐይን የማትታይ አቧራ ለእርሱ ተራራ ናት። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዐይነት የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም፤ ማታ ደኅና አድሮ ጧት ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል።

የልጁን ነገር ልጨርስልዎ። ግልበጣው እስከ እኩለ ሌሊት ወሰደ። ሦስተኛው ምዕራፍ እምቢ እንዳለ ቀረ፤ ነገር ግን ሐሙስ ዕለት ለመምህሩ በኢሜይል የላከው ቅጂ ተገኘ። የዓርብና የቅዳሜ ድካሙ ጠፋ፤ እርሱንም እንደ ገና ጻፈው። 197ኛው ቁጥር 16 ስለ ነበረ አዲስ ዲስክ አስገባ፤ አሮጌውንም ለእኔ ሰጠኝ። ትናንት ማታ ከአር ጋር ቼክ ዲስክ አዘዝሁበትና አደረ። ጧት ሳየው «ጥገናው ተፈጽሟል» ይላል። ሦስተኛው ምዕራፍ በቦታው አለ፤ ስሙም፣ መጠኑም እንደ ቀድሞው ነው። ስከፍተው ግን ዎርድ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ መለሰልኝ።